ሳይጻፍ የቀረ ዜሮ

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኅቴ ዜማ፣

ሰላምታውን ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ ዛሬ ከላይ የሚቀመጠው ሌላ ነው። ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደሌን ማንበብ ካቃተሽ ይቅር በዪኝ።

መጀመሪያ ለጠየቅሽኝ ልመልስ፤ አለበለዚያ «ደብዳቤዬን ሳታነብ ነው የምትጽፈው» ትያለሽ። አዎ፣ ለመነኩሴ ቀሚስሽ የሚሆነውን ነጭ አቡጀዲ ገዝቻለሁ። እማዬም ለኅዳር ጽዮን ቆብ ስትጭኚ ደሴቱ ድረስ ትመጣለች። ውኃ ምን ያህል እንደምትፈራ ታውቂያለሽ፤ «ልጄ ስትመነኩስማ ጣና ቢውጠኝም እሄዳለሁ» ብላለች፤ መሸንቲ ያለ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አቡጀዲው ግን እዚህ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። በጀልባ ነጂው በገድሉ እጅ ያልላክሁት ረስቼ አይደለም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ጥቅምት ድረስ ቆይቶ መጣ።

የጤና ኮሌጁ በመስከረም የቀጠረኝ ለቁንጅናዬ እንዳልሆነ ነግሬሻለሁ። የፈተና ውጤት የሚያወጣላቸው ፕሮግራም ኮቦል በሚባል ያረጀ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ከአንቺም ከእኔም ዕድሜ ይበልጣል። የጻፉት መምህር ካረፉ በኋላ ደፍሮ የሚነካው ጠፋ። እኔ አዲስ አበባ ስሠራ ቋንቋውን ስለለመድሁት «ነይ» አሉኝ፤ እማዬም ከአባታችን በኋላ ብቻዋን ናትና መጣሁ። አንቺን ባሰናበተ ግቢ ውስጥ መዋል ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።

ትናንት ፕሮግራሙን ለዘንድሮው ፈተና ልሞክረው ብዬ ከራሴ የፈጠርሁትን ውጤት አስገባሁለት። 68.5 ብዬ ሰጠሁት፤ 68.5 ብሎ መለሰልኝ። 90 ብዬ ሰጠሁት፤ ዘጠኝ ብሎ መለሰልኝ። ዘጠኝ! ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምሁት። አሁንም ዘጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጤት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ጽሑፍ ነው፤ ለማሽኑ እንደ ስምሽ ፊደል ነው እንጂ ቁጥር አይደለም። ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፕሮግራሙ ነው። ይህ ሽማግሌ ፕሮግራም ደግሞ ነጥቧን ነቅሎ ይጥላትና የመጨረሻዋን አሃዝ ሁልጊዜ ከነጥብ በኋላ እንዳለች ይቆጥራታል። 68.5 ነጥቧ ስትነቀል 685 ይሆናል፤ የመጨረሻዋ አምስት «ነጥብ አምስት» ትሆናለች፤ ልክ ነው። 90 ብቻ ብለሽ ከጻፍሽ ግን ያችው ዜሮ ከነጥብ ወዲያ ትሄዳለች፤ ዘጠናው ዘጠኝ ይሆናል። ልክ እንደ አባታችን ማኅሌት ሰልፍ ነው፤ መጨረሻ ላይ የቆመ ሁሉ ማንም ይሁን ማን ታናሽ ነው።

የማረሚያው ማሽን ሁልጊዜ 70.0፣ 81.0 እያለ ስለሚልክ እስከ ዛሬ ማንም አልተጎዳም። በሰው እጅ የሚገባ ውጤትስ? ለመሆኑ በአገራችን ሰባን «ሰባ ነጥብ ዜሮ» ብሎ የጻፈ ማን አለ? «ዜሮ ምንም አይደል» ብሎ ይተወዋል።

ይህን ሳስብ ነው ክው ያልሁት። ካቻምና የአባታችን የመሪጌታ ገብረ መስቀል ተዝካርና የማጠቃለያ ፈተናችሁ አንድ ቀን ዋሉ። አንቺ ለተዝካሩ ቀረሽ፤ ኪዲም የልብ ጓደኛሽ ናትና እንግዳ ልታስተናግድልሽ አብራሽ መሸንቲ መጣች። በኋላ ሁለታችሁን ለብቻ ፈተኑና ውጤታችሁን ጸሐፊዋ በእጇ አስገባችው። ማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈው ስም ብቻ ነው። ሁለታችሁም «ያላለፉ» ተባላችሁ። ሰው ሁሉ «ሐዘን ላይ ሆነው ምን ያጠናሉ» አለ። እኔም ብያለሁ።

ዜማዬ፣ አልወደቅሽም! ማለፊያው እኮ ሃምሳ ነው። ከመቶ ሃምሳ የምታጣ ልጅ አልነበርሽም። አንቺን የጣለሽ ፕሮግራሙ ነው።

ዋናው የውጤት ወረቀት በሬጅስትራሩ በአቶ አስናቀ ቁም ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል። እሳቸው ጎንደር ለቅሶ ሄደዋል፤ ቁልፉም አብሯቸው ነው። እስኪመለሱ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ጽዮን እየደረሰች ነው፤ ቆብ ደግሞ አንዴ ከተጫነ አይወርድም። እባክሽ ወረቀቱ ሳይታይ ጸጉርሽን ለመቀስ አትስጪ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ? ከስተሻል ይላል ገድሉ። እሱ የሚያወራውን ሁሉ አላምንም፤ ይህን ግን አመንሁት።

እኅትሽ የብርጓል


ከደሴቱ
ጥቅምት ፴ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለእታለም ለየብርጓል፣

እኔስ ሰላምታውን ከላይ አደርገዋለሁ፤ አባታችን እንዲያ ነው ያስተማረን። እንደምን ሰነበትሽ? እማዬ እንደምን ናት? እኔ በሥላሴ ቸርነት ደኅና ነበርሁ፣ ገድሉ ደብዳቤሽን እስኪሰጠኝ ድረስ።

ከእኅቶች ጋር ጀልባ መጠጊያው ላይ እንቦጭ እየነቀልን ነበር። ዘንድሮ አረሙ እስከ ደረጃው ወጥቷል፤ ካልነቀልነው ጀልባ አይጠጋም። እጄን በቀሚሴ አድርቄ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብሁና ጭቃው ላይ ቁጭ አልሁ። ሁለተኛውን አነበብሁና ተነሣሁ። ወዴት ለመሄድ እንደተነሣሁ ግን አላውቅም። እኅቶች ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ከበው ያለቅሱልኝ ጀመር።

«ደስ አላለሽም ወይ?» ብለሽ በውስጥሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርሽ። የአባቴ ተዝካር በወጣ ማግሥት ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ምልክት ለምኜ ነበር። «ካለፍሁ በዓለም ኖሬ በሽተኛ አስታምማለሁ፤ ከወደቅሁ ጠርተኸኛል ማለት ነውና እመንናለሁ» አልሁ። ስሜን ከወደቁት ጋር ተለጥፎ ሳየው ሁላችሁ አዘናችሁልኝ፤ እኔ ግን እፎይ አልሁ። መምረጥ ቀረልኝ። ጥሪው መጣልኝ አልሁ። ይኸው እዚህ ከገባሁ ጀምሮ የአመክሮውን ድካም ሁሉ የቻልሁት ያንን ምልክት ተደግፌ ነው።

አሁን የጠራኝ እግዚአብሔር ሳይሆን ዜሮ የጎደለው ፕሮግራም ነው ትይኛለሽ። እታለም፣ ይህን ለሰው እንዴት በደብዳቤ ይጽፋሉ? የቆምሁበትን መሬት ከእግሬ ሥር ነው የሳብሽው።

ከትናንት ወዲህ ጸሎት ላይ ቆሜ «ዘጠናው ዘጠኝ ሆነ» የሚል ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። በነገራችን ላይ፣ በአባታችን በግእዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ። ሰባ ማለት ፸ ናት፤ አንዲት ምልክት ናት፤ ዜሮም የላት፣ የምትነቀል ነጥብም የላት፣ ከኋላዋ የሚሰለፍም የለ። ለሽማግሌው ፕሮግራምሽ ንገሪልኝ።

ለእመምኔቷ ደብዳቤሽን አነበብሁላቸው። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። «ቆብ እንደ እንጀራ አይሻግትም፤ ይቆይሽ» አሉኝና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። ለጽዮን የሚመነኩሱት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ወረቀቱ እስኪታይ ድረስ ቀርቻለሁ። ለእማዬ አንቺው ንገሪያት፤ እኔ ቃሉ የለኝም።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛው ኪዲን ፈልጊልኝ። ከተለያየን ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም። እሷ የቀረችው ለእኔ ብላ፣ ለእኔ አባት ተዝካር ብላ ነው። እኔስ ምልክት ለምኜ ነበር፤ እሷ ምን ለመነች?

ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ነገር አትጻፊልኝ። ወይ አልፈሻል በዪኝ፣ ወይ ወድቀሻል በዪኝ።

ታናሽሽ ዜማ


ባሕር ዳር
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ ለዜማ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እመምኔቷ እንደምን ናቸው? እኅቶችስ? ያ የምትነግሪኝ የመቃርዮ ዛፍ አፈራ ወይ? እንቦጩስ? እዚህም የባሕሩ ዳር እንደ እርሻ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሰው ሳር መስሎት ሊረግጠው ይደርሳል።

እማዬ ደኅና ናት፤ ቁስቋምን ልታነግሥ ሄዳለች። ለጽዮን እንደማትመነኩሺ ስነግራት አልጮኸችም። «እንግዲያው ልጄ ወደቀች ብሎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚያንሾካሹክብኝ ሁሉ ምን ሊል ነው?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤት ሄደች። ምን ልታወራ እንደሄደች መገመት አያቅትሽም። ቀዩ ዶሮ ጠፍቷል፤ ጅብ ነው ትላለች፤ እኔ ጎረቤት ነው እላለሁ። ቤት አከራዬ ግድግዳውን ቀለም ቀባልኝ። አንድ ባጃጅ ከዘንባባው ጋር ሲጋጭ አየሁ፤ ሰው አልተጎዳም።

ኪዲን ፈልጊልኝ ብለሽኝ ነበር። አገኘኋት። መራዊ አውቶቡስ የሚቆምበት ፊት ለፊት ሻይ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ስታየኝ ደስ ብሏት ሳመችኝ፤ ስላንቺ ጠየቀችኝ። የመጣሁበትን እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሁለት ሻይ ጠጣሁ። ጓዳዋ ውስጥ ሚስማር ላይ ነጭ ጋውን ተሰቅሎ አየሁና «ምንድን ነው?» አልኋት። ለወላጆቿ መውደቋን እስከ ዛሬ አልነገረችም። መራዊ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆናለች ብለው ነው የሚያስቡት። ለዓመት በዓል አገሯ ስትገባ ጋውኑን በክንዷ ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤት ሲታመም ይጠሯታል፤ መውለጃቸው የደረሰ ሴቶችም ይጠሯታል። «እየፈራሁ እሄዳለሁ፤ የተማርሁት ነውና አውቀዋለሁ፤ ግን ወድቄያለሁ እኮ፤ የማውቀው ስህተት ቢሆንስ?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ነው የነገርኋት። ወደ እሷ ስሄድ ወረቀቱን አይቼ ነበር። አቶ አስናቀ ከጎንደር ሲመለሱ ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ አላመኑኝም። ፊታቸው 90 አስገብቼ ዘጠኝ ሲወጣ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «ስንቱን ሰው ጨረስን?» አሉ። ተነሥተው ራሳቸው ፖስታውን ቀደዱት።

ኪዲ ሰባ አራት ነው ያላት። 74። ፕሮግራሙ ሰባት ነጥብ አራት አድርጎ ነው የጣላት። ስነግራት የያዘችው ትሪ ከነብርጭቆው መሬት ወረደ። ቁጭ ብላ ስብርባሪውን በእጇ ትለቅም ጀመር፤ ጣቷ ሲደማ እንኳ አላየችውም። ከዚያ ቀና ብላ «እኔ እኮ ያንን ሁሉ አውቀው ነበር» አለች። ደግማ ደጋግማ ይህንኑ ነው የምትለው። እጄን ይዛ አለቀቀችኝም፤ አውቶቡስ አመለጠኝ።

ኮሌጁ ይቅርታ ጽፎላታል፤ ዲፕሎማዋም እየተዘጋጀ ነው። ፕሮግራሙንም አስተካክያለሁ። አሁን በመጀመሪያ ጽሑፉ ውስጥ ነጥብ መኖሯን ያያል፤ ከሌለች ራሱ ዜሮ ጨምሮ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ ቁጥር ያልሆነ ነገር ካገኘም ዝም ብሎ አይውጥም፣ ይጮኻል።

ገድሉ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠራኝ ነው፤ ነፋስ ሳይነሣ መሻገር አለበት። ሰላም ሁኚልኝ።

የብርጓል


ከደሴቱ
ኅዳር ፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

እታለም፣ እንኳን ለቁስቋም ማርያም አደረሰሽ!

የኪዲን ነገር ሳነብ የማለቅሰውና የምስቀው ተደባለቀብኝ። ሚስማር ላይ የተሰቀለው ጋውን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ይህን ጊዜ ለብሳው ይሆናል። ዲፕሎማዋን ስትቀበል አንቺ ሂጂላት፤ በእኔ ፋንታ እልል በዪላት፤ ድምፅሽ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ቢሆንም በዪላት።

«እንደምን አለሽ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ ዛሬ ብዙ የምነግርሽ አለኝ። እዚህ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶባቸው ከርሟል። እስከ ዛሬ አልፌያቸው እሄድ ነበር። የዓለሙን ትቼ መጥቻለሁ ብዬ እጄንም ትቼው ነበር፤ የወደቀ ሰው እጅ ምን ሊያደርግላቸው? የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ግን ማለፍ አቃተኝ። ጠጋ ብዬ ቁስሉን ፈታሁት። ክፉ ነበር፤ ሽታው ራሱ ይናገራል። ውኃ አፍልቼ አጠብሁላቸው፤ የሞተውን ሥጋ ለየሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርሁት። እጄ ሁሉንም ያውቀዋል! እሳቸው «ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?» አሉኝ። ከጎናቸው በሰባት እርምጃ ነበርሁ አላልኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ የሚፈልገኝ በዛ። የአንዷ ዓይን፣ የአንዷ ጥርስ፣ የሌላዋ ሳል። እመምኔቷ «ደሴቱ ሆስፒታል ሆነ» እያሉ ይስቁብኛል። እስኪ የቁስል ጋዝና ፕላስተር፣ አዮዲንም በገድሉ ላኪልኝ። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ወደ ከተማ መሄድ አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን ሐኪም ማየት አለበት፤ ይህን አስቢልኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ጸሎት ላይ ቆሜ የተለማመድንበትን የሆስፒታሉን ዋርድ አስባለሁ። ጠዋት አልጋ ለአልጋ እየዞርን፣ ሙቀት እየለካን፣ በሽተኛው «እናቴ» እያለ ሲጠራን። ኃጢአት መስሎኝ ለመምህረ ንስሐዬ ተናገርሁ። «ለበሽተኛ ማሰብ ኃጢአት ከሆነ ገነት ባዶዋን ናት» አሉኝ።

ይኸውልሽ፣ ይህን ሁሉ ዘላብጄ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። የኪዲን ነጥብ ነገርሽኝ፤ የእኔንስ? ፖስታው አንድ ነው፤ ወረቀቱ አንድ ነው። እንዳልኩራራብሽ ነው የደበቅሽኝ? ከኪዲ በልጬ ከሆነ አትንገሪያት፤ ለእኔ ግን ንገሪኝ።

ዜማሽ


ባሕር ዳር
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዜማዬ፣

አርባ ስምንት።

ከዚህ በፊት ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስቀድ ነው የሰነበትሁት። ከላይ ስለ እማዬ እጽፋለሁ፣ ስለ አየሩ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱን እጨብጠዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከላይ አደረግሁት።

አቶ አስናቀ ፖስታውን ሲቀድዱ ሁለቱንም ስም አንድ ላይ ነው ያየሁት። ኪዲ 74፤ ዜማ 48። ዓይኔን አላመንሁትም። 84 ነው፣ ተገላብጦ ነው አልሁ። መልስ ወረቀትሽን አስወጣሁ፤ አንዱን ጥያቄ ከአንዱ ጋር አመሳከርሁ። ሌላ መምህር እንዲያርመው ለመንሁ፤ እሳቸውም አርመው አርባ ስምንት አሉ። መጨረሻው ገጽ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ጭራሽ አልነካሻቸውም። ከላይ ባዶው ቦታ ላይ የአባታችንን ስም ጽፈሻል።

ፕሮግራሙ አራት ነጥብ ስምንት ብሎ ጣለሽ፤ እሱ ባይጥልሽም በሁለት ነጥብ ወድቀሽ ነበር። ውሸት ነግሮ እውነት የተናገረ ማሽን በሕይወቴ አላየሁም። ፕሮግራሙን ግን ምን ልበለው፤ እሱ ዜሮ አልተጻፈለትም። እኔ ሳላይ «አልወደቅሽም» ብዬ የጻፍሁልሽ ሰው ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አይደለም። ሰላምሽን አፍርሼ፣ ቆብሽን አስቀርቼ፣ ተስፋ ሰጥቼሽ፣ ይኸው መልሼ እነጥቅሻለሁ። ባለፈው ደብዳቤዬ ስለ ዶሮና ስለ ባጃጅ የለፈለፍሁት ይህን መጻፍ ፈርቼ ነው። ያንቺ ደስታ የሞላበት መልስ ሲመጣልኝ አንብቤ ሳልጨርሰው ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ፤ ቢሮ ውስጥ ሌላ በር የሚዘጋ ቦታ የለም።

ለእማዬ አልነገርኋት። ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳለች፤ በየት በኩል ልመልሳት?

ምልክትሽ ልክ ነበር ማለት ነው። እንደ ስእለትሽ ከሆነ ጥሪው ጥሪ ነው፤ ቆቡም ያንቺ ነው። ከፈለግሽ ለጽዮን ይደርሳል፤ አቡጀዲውን ነገ ላኪ ብትይኝ ነገ እልከዋለሁ፤ እማዬን ይዤ እመጣለሁ፤ እግርሽ ላይም እወድቃለሁ።

ላባብልሽ ብዬ አይደለም፤ ግን የሆነውን ሁሉ መንገር ስላለብኝ ነው። ኮሌጁ ጥፋቱን አምኖ ላንቺም በር ከፍቷል፤ ከፈለገች በጥር ፈተናውን ደግማ ትቀመጥ ብሏል። ለመመዝገብ ራስሽ ቀርበሽ መፈረም አለብሽ፤ ኅዳር ሲያልቅ ይዘጋል። አልፋለሁ ወይ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ከእንግዲህ ሳላይ የምናገር አፍ የለኝም።

ጋዙ፣ ፕላስተሩና አዮዲኑ በገድሉ እጅ አለልሽ። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስን የሚያይ ሐኪም አነጋግሬያለሁ።

ጥፋተኛዋ እኅትሽ


ከደሴቱ
ኅዳር ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለእታለም ለየብርጓል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከእንግዲህ ሽንት ቤት ገብተሽ አታልቅሺ፤ ሰው ሆድ አመማት ይልሻል።

የመጀመሪያዋን መስመር ሳነብ የማሰሪያ ጨርቅ በእጄ ይዤ ነበር። አርባ ስምንት። ደብዳቤውን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትሁና የእማሆይን እግር አስሬ ጨረስሁ፤ ሥራ እንዳይጎድል ብዬ ሳይሆን፣ እጄ ከቆመ የምወድቅ ስለመሰለኝ ነው። ከዚያ ባሕሩ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ገባሁና አለቀስሁ። ለአባቴ እንኳ እንዲያ አላለቀስሁም። ገድሉ አይቶኝ ባሕር ውስጥ ልትገባ ነው ብሎ ለእመምኔቷ ተናገረ፤ ወሬኛ ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ይስጠው።

የመጨረሻውን ገጽ አልነካሽም ብለሻል። የአባቴን ስም መጻፌን እኔ አላስታውሰውም። ጥያቄዎቹን ግን አሁን ብትጠይቂኝ እመልሳቸዋለሁ።

እመምኔቷ በትራቸውን እየተመረኮዙ ደንገሉ ድረስ መጡ። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥነው ሲሄዱ አላየኋቸውም። ሁሉንም ነገርኋቸው። «ምልክቱ እውነት ነበር እማሆይ፤ በእውነት ወድቄያለሁ፤ ጥሪው ጥሪ ነበር» አልኋቸው። እሳቸው አጠገቤ ለመቀመጥ ሲታገሉ ደግፌ አስቀመጥኋቸው። ከዚያ ጠየቁኝ።

«የለመንሽው ምልክት እውነት ከሆነ፣ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

እታለም፣ መጀመሪያ ስወድቅ እፎይ ብዬ ነበር። አሁን ያንኑ ቁጥር ስሰማ ሰው እንደሞተበት ሆንሁ። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ የተለወጥሁት። አልፌያለሁ ብዬ ባመንሁባቸው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ልቤ ወዴት እንደሮጠ አየሁት። ማንም ምልክት አልሰጠውም፤ ራሱ ሮጠ።

«እምነቴ ደክሞ ይሆን?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ቆብ የሚጫነው ለፈለገው ነው፤ ፈተና ለጣለው አይደለም። ምልክት መለመን ተይና ፈልጊ፤ ፈልገሽ ስታበቂም እዚህ ነን፤ ደሴት የትም አይሄድም» አሉኝ። ደግፌ አነሣኋቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለካ እስከ ዛሬ ደብቀውኝ ነው።

አንቺ ይቅርታ ትለምኛለሽ። ሳታዪ መጻፍሽ ስህተት ነበር፤ እሱን አልክድልሽም፤ መጥተሽ በቃል ብትነግሪኝ እንኳ እንዲያ አታስደነግጪኝም ነበር። ግን ባትቸኩዪ ኖሮ ለጽዮን ቆብ እጭን ነበር፤ ዕድሜዬንም በሙሉ የእማሆይን ቁስል አልፌ እሄድ ነበር። ይህን ሳስበው ከአርባ ስምንቱ ይልቅ ይህ ያስደነግጠኛል።

ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ። ወድቄ እንደነበር፣ አሁንም ወድቄ እንዳለሁ፣ ለጎረቤትም እንዲሁ እንድትነግር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚያንሾካሹክባት ካለ እኔ አብሬያት እቆማለሁ። ለኪዲ ደግሞ ንገሪልኝ፤ መጽሐፎቿን አትስጥብኝ፤ ከእሷ ዘንድ ተቀምጬ ነው የማጠናው። ወድቄ የምመጣ መሆኔን አትደብቂያት።

ገድሉ ቅዳሜ ሁለት መንገደኛ ይዞ ይመጣል፤ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስንና እኔን። እሳቸው ወደ ሐኪም፣ እኔ ወደ አቶ አስናቀ ቢሮ። መጠጊያው ላይ ባጃጅ ይዘሽ ጠብቂን፤ እግራቸውን ማጠፍ አይችሉም።

አቡጀዲውን ለማንም እንዳትሰጪ። ነጭ ነው አይደል? ጋውን ይወጣዋል።

ታናሽሽ ዜማ